ውሃ በፍርግርግ በኩል

የክለቡ ባለቤት ፊቤ ተናግራ ስትጨርስ ራጉኤል የሰጣት መልስ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «እንቢ።»

ያለችው ይህን ነው። ተከላካዩ ማናሴ ቅዳሜ ከፕሪቶሪያ ጋር በሚደረገው ግማሽ ፍጻሜ አይሰለፍም። ባለፈው ሳምንት ቦታውን ጥሎ ሮጦ የራሱን ቡድን አስሸንፏል። ራጉኤል እሱን አሰልፎ ከተሸነፈ፣ ሰኞ ሁለቱም እንዳይመጡ።

«ኮች፣ የዚህ ክለብ ባለቤት እኔ ነኝ» አለችው ጥቁር መነጽሯን እያወለቀች።

«የክለቡ አዎ። የመከላከያው ኃላፊ ግን እኔ ነኝ» አላት።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ራጉኤል ደግሞ በመከላከል ጉዳይ ቡዳ መባል አስፈርቶት አያውቅም። ሆሳዕና ከተማ እያለ የስፖርት መምህር ነበር። ይህን የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ እግር ኳስ ብለው ሰይመው በእጅ የሚጫወቱትን ጉድ፣ የተማረው ጆሃንስበርግ ከመጣ በኋላ ነው፤ ሃያ ዓመት ለፍቶም የባለሙያ ቡድን የመከላከያ አሰልጣኝ ለመሆን በቃ። ትምህርቱ አጭር ነው። አስራ አንድ ግዙፍ ሰው ታሰልፋለህ፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍተት ይጠብቃል። ኳስ የያዘው ሰው የሚያልፈው ጠባቂው ጥሎት በሄደው ክፍተት ነው። ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው።

የማናሴ ችግር ስንፍና ቢሆን ኖሮ ራጉኤል ራሱ ያባርረው ነበር። ችግሩ ደግነቱ ነው። አጠገቡ የሚሰለፈው ቱሜሎ ተገፍቶ ሲወድቅ ካየ አንጀቱ አይችልም፤ ክፍተቱን ጥሎ ይደርስለታል። ፕሪቶሪያዎችም ይህን በቪዲዮ አይተዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ቱሜሎን ይጥላሉ፣ ማናሴ ይሄዳል፣ እነሱ ያልፋሉ። ራጉኤል ጮኾበታል፣ ሜዳው ላይ በኖራ አስምሮለታል፣ ቪዲዮውን ሃያ ጊዜ አሳይቶታል። «ገብቶኛል ጋሼ» ይላል ማናሴ፤ በማግስቱ ያው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ራጉኤል ልምምዱን ሰረዘና ተከላካዮቹን በሁለት ታክሲ ጭኖ ክሊፕታውን ሰፈር ወሰዳቸው፣ ወደ ማናሴ እናት ስፓዛ፣ ወደ ትንሿ ሱቃቸው። እትዬ እናትነሽ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦ፣ ዘይትና የስልክ ኤርታይም ሲሸጡ ዓመታት አልፈዋል። በሩ ሁልጊዜ ከውስጥ ይቆለፋል። አስራ አንዱ ሰዎች በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን መሃል እንደምንም ተሸጎጡ።

«እኔ የምለው የለኝም» አለ ራጉኤል። «እሳቸውን እዩ።»

«ሳውቦና ማማ» ብሎ በዙሉ ሰላም ይላል ደንበኛው። «ዬቦ» ይላሉ እናትነሽ፤ ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ሰልፉ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተንገዳግደው ወደቁ። ሰው ተንጫጫ። ማናሴ ጆንያውን ገፍቶ ተነሳ።

«እማዬ፣ ቁልፉን!»

«ተቀመጥ!»

እናትነሽ ጆጉን ውሃ ሞሉና በፍርግርጉ ክፍተት ፊት ለፊት ለቆመችው ሴት አቀበሏት። ካርቶን ቀደው ለጥላ አወጡ። ከዚያ ለክሊኒኩ ደወሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ አልራቁም። ሽማግሌው ውሃውን ጠጥተው ተነስተው ተቀመጡ።

«አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለህ» አሉ እናትነሽ ከዚያ፣ ሁሉም እንዲሰማቸው ዙሉውንም እንግሊዝኛውንም እየቀላቀሉ፣ «ልክ እንደዚህ አንድ ሰው ወደቀ። በሩን ከፍቼ ውሃ ይዤ ወጣሁ። እኔ ጎንበስ ስል ጓደኞቹ ከኋላዬ ገቡ። ስኳሩን እንኳ አልተዉልኝም! የወደቀውም ተነስቶ ፍሪጁን አብሮ ተሸከመ።»

ተጫዋቾቹ በሳቅ ፈነዱ። ማናሴ አልሳቀም።

«ታዲያ እማዬ፣ ሰው ሲወድቅ ዝም ይባላል?»

«ዝም አልኩ እንዴ? ውሃውን መች ከለከልኩ? በሩን ነው የከለከልኩት።»

ቱሜሎ የማናሴን ትከሻ መታ አደረገ። «ሰማህ? ስወድቅ ውሃ ላክልኝ፤ አንተ ግን እንዳትመጣ።»

ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሙከራ ብቻ ቀረ። ጆሃንስበርጎች በአራት ነጥብ ይመራሉ፤ ፕሪቶሪያዎች ግን ካለፉት ስድስት ነጥብ ለሚያስገኘው መስመር አራት እርምጃ ነው የቀራቸው። ፊቤ ከመቀመጫዋ ወርዳ ራጉኤል አጠገብ ደረሰች።

«አሁን አውጣው። የመጨረሻ ዕድልህ ነው።»

ራጉኤል ፈርቷል። ለምን ይዋሻል? ሃያ ዓመቱ በአንድ ሰው እግር ላይ ተንጠልጥሏል። ቢሆንም ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«እንቢ አልኩ እኮ!»

ፊሽካ ተነፋ። ፕሪቶሪያዎች እንደተለመደው በግራ በኩል ተንጋግተው ቱሜሎን በሁለት ሰው ጣሉት። ቱሜሎ ጮኸ። ራጉኤል የማናሴ ትከሻ ወደ ግራ ዘንበል ሲል አየ። ማናሴ ግን እጁን ብቻ ዘረጋ፤ ከጣሉት አንዱን በማሊያው ጨምድዶ ከጓደኛው ላይ ገፈተረው። እግሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ወዲያው ኳሱ ከግራ ወደ ቀኝ ተላለፈ፤ ሯጩም ሁልጊዜ ባዶ ወደሚያገኘው ክፍተት አንገቱን ደፍቶ ገባ። ዛሬ ባለቤት ነበረው። ማናሴ ደረቱን ሰጠውና ሁለቱም ለመስመሩ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው መሬት ላይ ተዘረሩ።

ጨዋታው በዚያው አልቆ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ፊቤ መነጽሯን አደረገችና እጇን ዘረጋች። «ሰኞ እንገናኝ፣ ኮች።»

«ማናሴም ይመጣል» አላት ራጉኤል።

«ማናሴም ይምጣ» አለች።

ያኔ ነው እጇን የጨበጠው። ማናሴ ግን ጭፈራውን ጥሎ ቱሜሎ ወደ ወደቀበት እየሮጠ ነበር፤ በእጁ የውሃ ኮዳ ይዟል። አሁን ቦታውን ለምን ለቀቅህ ያለው ሰው አልነበረም።