ያልታዘዘ ጥሩምባ

ብርቱካን እንቅልፍ ካገኘች ወዲህ ባሏ ይታየው እንቅልፍ አጣ።

ባሕር ዳር በነቀርሳ ጡቷን ተቆርጣ የተመለሰች ሰሞን፣ የታዘዘላትን እንክብል መዋጥ በጀመረች በጥቂት ሳምንቷ፣ ሌሊት ሌሊት ሙቀት ከውስጧ እየተነሣ ያንገበግባት ነበር። በእስቴ ብርድ ጋቢዋን ወርውራ፣ በር ከፍታ ትቆማለች። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጸጥ ብላ ታድራለች። ይታየውም "ተመስገን፣ ለቀቃት" ብሎ ደስ ብሎት ነበር፤ ብልቃጡን ከጎታው ሥር ሳይነካ ተቀምጦ እስኪያገኘው ድረስ።

"ተቆርጦ ለወጣ ነገር ምን መድኃኒት ያሻዋል?" አለችው። "እኔ ድኛለሁ። የሚያቃጥለኝ እንክብሉ ነው።"

ይታየው ስለ መድኃኒት የሚያውቀው የለም። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ጎንደር ፋርማሲ ለምትማረው ልጁ ለፍቅር ደወለ።

"አባዬ፣ ሴሉ ውስጥ እንዳንተ ያለ ለፋፊ አለ" አለችው። "ፕሮቲን ነው። የሴት ሆርሞን መጥቶ ሲነካው ጂን የሚባለው ዘረመል ላይ ይወጣና 'ተነሡ፣ ተባዙ' ብሎ ይጣራል። ጤነኛ ሰው ላይ በልኩ ተጣርቶ ያበቃል። የእማዬ በሽታ ግን በዚያ ጥሪ የሚባዛ ዓይነት ነው።"

"እኔን ከነቀርሳ ጋር አመሳሰልሽኝ?"

"ስማኝማ! ሐኪሙ የቆረጠው የተሰበሰበውን ነው። ተበትኖ የቀረ ካለ ጥሪ ይጠብቃል። እንክብሉ የሆርሞኑን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ለፋፊው ትእዛዝ አይደርሰውም። ካቆመች ግን ሊያገረሽባት ይችላል። ያኔ ደግሞ መመለሻው ይከብዳል።"

ይህንኑ ለብርቱካን ነገራት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለች።

"አንተ የእድሩ ዳኛ ሳያዝህ ጥሩምባ ነፍተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"በል ያም ለፋፊ እንዳንተ ጨዋ ከሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል" ብላ ሳቀችበት።

ከዚያ ወዲያ ይታየው መቀመጫ አጣ። ገበያ ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ ረስቶ ይመለሳል። እንጀራ ቆርሶ ሳይጎርስ ይይዘዋል። ብርቱካን ባሳለች ቁጥር ዘሎ ይነሣል።

አንድ ማለዳ ደጅ ቆሞ ሳለ ከታች ከአያ ሞላ ቤት እሪታ ተሰማ። ሽማግሌው ሞላ ከታመሙ ሰንብተዋል፤ የምትጮኸው ሚስታቸው ሐረገ ወይን ናት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ደምሌ ሳያዝ ጥሩምባ አይነፋም። ይታየው ግን አልጠበቀም። እጁ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ፤ አፉም ነፋ። "አያ ሞላ አርፈዋል! እድርተኛ የሆንህ ውጣ!" እያለ ሰፈሩን ዞረ።

ቤቱ ሁሉ ተከፈተ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወደ ሞላ ቤት ወረዱ። ይታየውም አብሯቸው ደረሰ።

ሞላ መደቡ ላይ ተቀምጠው አጥሚት ይጠጡ ነበር።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ሴቶቹ ልቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ሐረገ ወይን ከበረቱ እየተንሰቀሰቀች ወጣች። "በሬዬ! የእርሻ በሬዬ ሞተብኝ!"

"ይታየው፣ አንተ ነህ የገደልከኝ?" አሉ ሞላ። "በል አጥሚቴን ልጨርስ፣ ከዚያ ትቀብረኛለህ።"

ሰው ሳቀ። ይታየው ግን አልሳቀም፤ ወደ መቃብሩ ሮጠ። "ተመለሱ! ሰውየው አልሞቱም!" እያለ ቢጮኽም ከዶማው ድምፅ የተነሣ የሰማው የለም። ሲደርስ ጉድጓዱ ወገብ አሳልፏል። ደምሌ ከውስጥ ሆኖ ላቡን እየጠረገ አየው።

"እኔ አላዘዝሁህም!"

"ታዲያ ለምን ትቆፍራለህ?"

"ጥሩምባ ሰምቼ ነዋ!"

አፈሩን መልሰው ደፈኑት፤ ጉብታው ግን ቀረ። ይታየው ቁልቁል ሲወርድ ብርቱካን መንገዱ ዳር ቆማ አገኛት። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው፤ እሷም ጥሩምባውን ሰምታ ነበር የወጣችው።

"ምን ነካህ?" አለችው።

"እኔንጃ። ስላንቺ ሳስብ ነበር።"

ብርቱካን ጉብታውን አሻቅባ አየች። አሁን አልሳቀችም። "ለካ ጨዋውም ሳይታዘዝ ይነፋል" አለች፤ እቤት ስትገባም ነጠላዋን አቀናችና ወደ ጎታው ጎንበስ አለች።

"ያቃጥለኛል እኮ" አለች፣ ብልቃጡን እንደያዘች።

"በር እንከፍታለን።"

"አንተን ይበርድሃላ!"

"ይብረደኝ።"

ዋጠችው።

የሚቀጥሉትን ሳምንታት ይታየው ጆሮውን ጥሎ አደረ። ሙቀቱ አስነሥቷት እንደሆን ያዳምጣል፤ እሷ ግን ጸጥ ብላ ታድራለች። "ትዋጠው፣ ትትፋው ማን ያውቃል" እያለ ይገላበጣል። በመጨረሻ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ጋቢው ተወርውሮ ፊቱ ላይ ወደቀ።

"ኤዲያ! ተቃጠልሁ!" አለች ብርቱካን።

በሩ ሲጥጥ አለ። የእስቴ ብርድ ዘው ብሎ ገባ። ይታየው ሁለቱን ጋቢ ደርቦ ተከናነበና እንቅልፍ ወሰደው።