ሞላልኝን ፍሬም አደረጉት

ወንድሜ ሞላልኝ ሲደውል እናቴና እኔ መኪና ውስጥ ነበርን። ቤድፎርድ ካለው ክሊኒክ የደም ግፊቷን አስለክተን እየተመለስን ነው፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጇ ጨብጣ ከጎኔ ተቀምጣለች። ስልኩን በስፒከር አነሳሁት።

«ጥሩዬ፣ ፍሬም አደረጉኝ እኮ! ሥራ ቦታ ፍሬም አደረጉኝ! ማታ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸና መስመሩ ተቋረጠ።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እናቴ ደግሞ እልልታውን ለቀቀችው! መሪውን ከእጄ ልለቀው ምንም አልቀረኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ዳላስና ፎርት ዎርዝ መሀል የምንኖር ሰዎች አማርኛችን ተበለሻሽቷል፤ አልክድም። የእንግሊዝኛውን ቃል እንይዝና «አደረገ» እንለጥፍበታለን፤ ፓርክ አደረገ፣ ኮል አደረገ። «ፍሬም አደረጉኝ» በእኛ አፍ፣ ያልሠራሁትን ጥፋት ሠራህ ብለው፣ ማስረጃ ፈብርከው ወነጀሉኝ ማለት ነው። እናቴ ግን ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እሷ የምታውቀው ፍሬም አንድ ነው፤ መስታወት ያለው፣ የተከበረ ሰው ፎቶ የሚገባበት።

«አልሰማሽም እንዴ ጥሩወርቅ? ልጄን ፍሬም አደረጉት! ያቺን ገበያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቶዋ ያለውን ልጅ አላስታወስሽም? ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆነች ነው የሰቀሏት ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ብያለሁ። ታዲያ አሁን ምን ልበላት? ነርሷ ገና አሁን፣ ግፊቷ አልወረደምና እንዳታስደነግጧት ብላ አስጠንቅቃኛለች። እንደመሰላት ትቻት ነዳሁ።

አመሻሹ ላይ ሞላልኝ መጣ። ገና በሩን ሲከፍት እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እውነት ነው ልጄ? ፍሬም አደረጉህ?»

እሱ የደረሰበትን የሰማች መሰለው። «አዎ እማዬ፣» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ፍሬም አደረጉኝ።»

«እሰይ የኔ አንበሳ! ይገባሃል! ገና ከዚህም በላይ ያደርጉሃል!»

ወይ ጉድ! የወንድሜን ፊት ብታዩት። ወደኔ ዞረ፤ ተው በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት። ዓይኑ እንባ ሞላ። እናቴ የደስታ መስሏት እሷም አብራው አለቀሰች።

ከቤት ወጥተን ደረጃው ላይ ነገሩን ነገረኝ። ፎርት ዎርዝ ከሚሠራበት መጋዘን፣ ስልክ የታሸገባቸው ካርቶኖች ጠፍተዋል። ያወጣው ሞላልኝ ነው ይላል ኮምፒዩተሩ። ክሬግ የሚባለው አለቃው ደግሞ «ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረበት። እስከ ዓርብ ቤትህ ቆይ፣ ዓርብ መጥተህ ውሳኔህን ትሰማለህ ተብሏል።

«ሥራው ይቅር፤ ሌላ ይገኛል፣» አለኝ። «ስሜ ነው ጥሩዬ። ሌባ ተብዬ እንዴት ነው ልጄን ቀና ብዬ የማያት? እማዬስ? እሷ ብትሰማ ትሞትብኛለች!»

«አትሰማም፣» አልኩት። ምን ቆርጦኝ እንዳልኩት እንጃ።

እሷማ አለመስማት ብቻ መቼ ሆነ! እሁድ ቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢ ላልነገረችው ሰው የለም። እነ አበዛሽ እየመጡ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሞላልኝን ፍሬም አደረጉት አሉ» ይሉኛል። አበዛሽ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረች ሰው ናት፤ የቃሉ ሌላ ትርጉም ጠፍቷት አይመስለኝም፤ ከእናቴ ፈገግታ ጋር መጋጨት አልፈለገችም እንጂ። ቤት ስንገባ ደግሞ እናቴ መዶሻ አምጪ አለችኝ። ሳሎን፣ ከአባታችን ፎቶ አጠገብ ሚስማር አስመታችኝ። «መሥሪያ ቤቱ ለኛም አንድ ኮፒ አይነፍገንም፣» አለች።

ዓርብ የሞላልኝ መኪና አልነሳ አለች፤ ያው ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም ይተባበራል። እኔ ላደርሰው ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ልጄን ያከበሩትን ሰዎች ላመሰግን ነዋ! ባዶ እጄን ልሂድልሽ?»

ለመንናት፣ ተቆጣናት፤ አልሰማችም። መኪና ውስጥ ትቀመጣለች ብለን ይዘናት ሄድን። እዚያ እንደደረስን የግፊት ኪኒኗ ሥራውን ጀመረ። «ሽንቴ መጣ፣» አለች። ይኼን ምን ታደርጉታላችሁ? ወደ ውስጥ አስገባኋት።

ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ ሞላልኝ መጠበቂያው ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል። በዚያው ቅጽበት የቢሮው በር ተከፈተና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ፣ ከኋላዋ ክሬግ፣ ወጡ። ሞላልኝ ከተቀመጠበት ተነሳ። እናቴ «አለቃው እሱ ነው?» አለችው። ወንድሜ ልቡ ሌላ ጋ ነው፤ «አዎ፣» አለ።

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አመለጠችኝ። ክሬግ ፊት ሄዳ እጅ ነሳች፣ ዳቦውን እቅፉ ውስጥ ከተተችለትና፣ አረጋውያን እንግሊዝኛ በሚማሩበት ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችውን አንድ በአንድ ለቀቀችው።

«ታንክ ዩ ሰር። ዩ ፍሬም ማይ ሰን። ጋድ ብሌስ ዩ!»

ክሬግ ቲማቲም መሰለ። ዳቦውን እንደታቀፈ አንዴ እሷን፣ አንዴ ኃላፊዋን ያያል። እሷ ደግሞ ፈገግ ብላ ሽቅብ ታየዋለች። ከዚያ ፈነዳ። «ውሸት ነው! ባጁን ከሎከሩ የወሰድኩት እኔ አይደለሁም!»

ኃላፊዋ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «ባጅ ከሎከር ተወሰደ ያለ ሰው አለ እንዴ?»

ማንም አላለም። ሞላልኝ ራሱ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የስም ባጁን ሌላ ሰው ወስዶ ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተጠቀመበት አያውቅም ነበር። ኃላፊዋ «ዛሬ ስብሰባ የለም፣» አለችና ወንድሜን ወደ ቤቱ ሰደደችው፤ ክሬግን ይዛ ገባች። ዳቦውን ይዞት ነው የገባው! በሚቀጥለው ሳምንት የሎከሩን ክፍል ካሜራ አይተው ክሬግን አሰናበቱት፤ ሞላልኝንም ይቅርታ ጠይቀው መለሱት።

ግፊቷም ስለወረደ እናቴን ማታለሉን አቁመን ሁሉን ነገርናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ አፈር ልብላ! ልጄን ሊያጠፋ የተነሳውን ሰው ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት? ዳቦ ጋግሬ?» እያለች ምርር ብላ አለቀሰች። እራት እንኳ አልበላ አለች። ሞላልኝ ቢለምናት፣ እኔ ብለምናት ወይ ፍንክች።

ያባበለቻት ልዩ የምትባለው የሞላልኝ ልጅ ናት። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ቋንቋ ነው የምታጠናው፤ አማርኛዋ ግን እንደ ነገሩ ነው።

«እማማ፣ ሊሰን፣ ቃሉ ድሮ እንደዚህ አይደለም። ድሮ ድሮ፣ ማለቴ ሺህ ዓመት ምናምን በፊት፣ ለሰው መጥቀም ነበር፣ መርዳት። ሶ ከዚያ፣ ለቤት የሚሆን እንጨት ማዘጋጀት ሆነ። ከዚያ የቤት አጥንት፣ ማለቴ ቋሚና ማገር የምትሉት። ከዚያ የፎቶ። ይሄ ሰው መወንጀል የሚባለው አሁን ነው የመጣው፤ መቶ ዓመት ቢሆነው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ከአንድ ዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች። «መርዳት ነበር?»

«የስ፣ መርዳት።»

«እንግዲያውስ እኔ ያልኩት የድሮውን ነው!» አለች ቀና ብላ። «የዘንድሮውን ማን አስተምሮኝ?»

በሳቅ ፈረስን። ሞላልኝ ግን ስቆ ስቆ ሲያበቃ ጉልበቷ ሥር ቁጭ አለና እጇን ሳመ።

«እማዬ፣ ፍሬም ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፣» አላት። «በድሮው።»

ፀጉሩን ደባበሰችለት። ከዚያ ግድግዳውን፣ ከአባታችን ጎን ባዶዋን የቆመችውን ሚስማር አየች።

«በሉ ተነሱ፣» አለች፣ «ፎቶ አንሺው ጥሩወርቅ። መሥሪያ ቤቱን ምን አስጠበቀን?»