እኔ የሰፋሁት ጃኬት

እኔ ፋናዬ፣ ሰበታ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፈሪም ነኝ። ልጄ ሩሃማ ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ሄዳ ጀልባ ልትሳፈር እንደሆነ ስትነግረኝ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። "ዋና የማትችይ ልጅ!" ብዬ ጮህኩባት። ከነጓደኞቿ ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም ከባልዲ ውጪ ውሃ አያውቁም።

"እማ ደግሞ! ጃኬት እኮ ይለበሳል፤ እሱ ያንሳፍፋል" አለችኝ።

"የማንን ጃኬት? ስንት ሰው ሲለብሰው የኖረውን? እኔ እያለሁ!" አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላዘዘኝም።

ከዚያ በኋላ ያልተጠነቀቅኩት ነገር የለም። ከፍራሽ ቤት ቁርጥራጭ ስፖንጅ አመጣሁ፤ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ጨርቅ መረጥኩ። ውሃ ውስጥ ሽቅብ ተስቦ በአንገት እንዳይወልቅ ብዬ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ጨመርኩበት፤ እሱንም በድርብ ክር። በየደረቱ ፊሽካ አንጠለጠልኩ። ልጆቹ ሊለኩ ሲመጡ አንዱን ሳፋ ውሃ ላይ ጣልኩላቸው፤ ኩፍ ብሎ ተንሳፈፈ። አጨበጨቡልኝ። እኔም እየተኩራራሁ ወዲያው አወጣሁት፤ ማን ቆሞ ሳፋ ያያል?

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሸኘኋቸው። "ሰማዩ ከጠቆረ ውሃው ላይ እንዳትወጡ። ጀልባ ላይ እንዳትቆሙ። ስልካችሁን አጥፍታችሁ በፌስታል ጠቅልሉ፣ እንዳይረጥብ!" የሚኒባሱን ሹፌር የወንዳፍራሽን ቁጥር ሳይቀር ግድግዳዬ ላይ ጻፍኩ። ሩሃማ "በቃ እማ፣ ጦርነት አይደለም እኮ የምንሄደው" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

አንድ ጃኬት ተርፎኝ ነበር፤ ትህትና የምትባለው ልጅ አሟት ቀርታ። ሻይ ስለፈሰሰበት ልጠበው አልኩና፣ ሳፋው በሌላ ልብስ ተይዞ ስለነበር፣ ጓሮ ያለው ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ጥዬው ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። አራት ሰዓት ገደማ ብመጣ ጃኬቱ የለም። ማን አባቱ ወሰደብኝ ብዬ ልሳደብ ስል ታች አየሁት። በርሜሉ ውስጥ፣ ውሃው ሥር ተጋድሟል።

በሁለት እጄ ብጎትተው አልነሳ አለኝ። "ኦቦ ኦዳ! ኦቦ ኦዳ ድረሱልኝ!"

ጎረቤቴ ኦቦ ኦዳ ሃያ ዓመት ፍራሽ ፋብሪካ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። "ሌባ ነው?" እያሉ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ተጋግዘን ስናወጣው ውሃው እንደ ቧንቧ ወረደ። ጨመቅ አደረጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

"ያ ዋቃ! የፈጣሪ ያለህ! ፋናዬ፣ ይሄ የፍራሽ ስፖንጅ አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ ምነው?"

"መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ውሃውን ይጠጣል፣ ይሰምጣል። የጀልባ ጃኬት ስፖንጁ ሌላ ነው፤ ውሃ የማያስገባ። ልጆቹ ይሄንን ነው የለበሱት?"

ያ በድርብ ክር የሰፋሁት ማሰሪያ ትዝ አለኝ፤ ቢፈልጉ እንኳ ቶሎ አውልቀው አይጥሉትም። በገዛ እጄ ልጄ ላይ ድንጋይ አስሬ ልኬያታለሁ!

ሩሃማ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። የሌሎቹም ዝግ ነው። መቼም መካሪ አላጡም! ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ስነካ ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ወንዳፍራሽ አነሳ።

"እትዬ ፋናዬ፣ አያስቡ፣ በሰላም ደርሰናል። ልጆቹ አሁን ውሃው ላይ ናቸው።"

"አስመልሳቸው! ጃኬቱ ይሰምጣል! ሩጥ ወንዳፍራሽ፣ በእናትህ ሩጥ!"

ሮጠ። ትንፋሹን እሰማለሁ። "ተመለሱ! ኧረ ተመለሱ!" እያለ ሲጮህ እሰማለሁ። ኦቦ ኦዳ አጠገቤ ቆመው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። እኔ ጸሎቱም ጠፋኝ፤ "ሩሂ፣ ሩሂ" ብቻ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ተናዳለች።

"እማ፣ ምን ሆነሻል? አሳፈርሽኝ እኮ!"

"የት ነሽ? መሬት ላይ ነሽ?"

"አዎ፣ ወርደናል። ምንድነው?"

"አውልቂው። ጃኬቱን ሁላችሁም አውልቁ። ውሃ ይጠጣል፣ ይሰምጣል። ተሳስቻለሁ ሩሂ።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"ባለጀልባው የራሱን ጃኬት አውጥቶልን ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የእናቴ ይበልጣል ብዬ ሌሎቹንም ጃኬቱን አስመለስኳቸው። እማ... ወንዳፍራሽ ሲጮህ እኔ የጀልባው ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበር። ያንቺ እንዴት እንደሚያንሳፍፍ ለሰውየው ላሳየው ብዬ ልዘል። እስከ ሁለት ቆጥረውልኝ ነበር።"