የሲንኩ ዝገት

«እማ፣ በር ላይ ሰው ቆሟል እኮ!» አለ ፈሀድ። «አዛን ብሏል፤ ሴቶቹ ውዱእ ሊያደርጉ ነው።»

«መጣሁ» አለች ሀያቱ፤ አልመጣችም። ባኞ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ የሲንኩ ጠርዝ ላይ ፎጣ እያነጠፈች ነበር። አነጠፈችው፣ ተንሸራተተባት። እንደገና አነጠፈችና ጫፉን በቧንቧው አንገት አሰረችው። ባሏን ሸረፋን ትናንት ነው የቀበሩት። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ወገቧ ፍራሽ ላይ ከመቀመጥ ብዛት ደርቋል። አንድ ሰው ነካ ቢያደርጋት እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተኝታ የምትቀር ይመስላታል። ግን መጀመሪያ ፎጣው መስተካከል አለበት።

ይህን ሲንክ ለማያውቅ ሰው ትንሽ መንገር ያስፈልጋል። ቀልጦ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው፤ ላዩ ነጭ ቅብ የተቀባ፣ ዛሬ ገበያ ላይ የማይገኝ። ነጭነቱ እንኳ ድሮ ቀረ። ከቧንቧው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብበት ኖሮ ቡናማ መስመር አውጥቷል። የፊት ጠርዙ ተፈንክቶ ጥቁሩ ብረት ይታያል፤ የውሃ መውረጃውን ዙሪያ ዝገት በልቶታል። ግራ ጠርዙ ላይ ደግሞ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቡናማ ምልክት አለ። እንግዳ ሁሉ እሱንም ከዝገቱ ይቆጥረዋል። ወይ አለማወቅ! ሂና ነው። የሸረፋ እጅ ነው።

ፎጣው የተነጠፈው እሱ ላይ ነው።

ሸረፋ 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ ከፈረሱ ቤቶች በርና መስኮት እየገዛ ይሸጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ለቤቱ ይዞ የመጣው ዕቃ ቢኖር ይህ ሲንክ ብቻ ነው። ከአንድ የጥንት ቪላ አስነቅሎ በጋሪ ጭኖት መጣ። ጎረምሶች እያቃሰቱ ሲያወርዱት ሀያቱ ነፍሰ ጡር ሆና በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሰው ለሚስቱ ወርቅ ያመጣል» አለችው። «አንተ ብረት ትጭንብኛለህ!»

«ወርቅ ሌባ ይወስደዋል» አለ ሸረፋ ላቡን እየጠረገ። «ይኼን ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ከመጣ ግን መርቀሽ ሸኚው።»

እንዲህ ነበር። ነገር አያልቅበትም፤ ሲያኮርፉት እንኳ የሚያስቅ። ጢሙ መሸበት ሲጀምር ደግሞ አዲስ አመል አወጣ። ሐሙስ ሐሙስ ለጁምዓ ብሎ ሂና በጥብጦ ሲንኩ ፊት ይቆማል፤ በቀኝ እጁ ጢሙን ይቀባል፣ ሂናውን በዘገነበት ግራ እጁ ጠርዙን ይደገፋል። ቅቡ በእርጅና ስለሻከረ ቀለም ይጠጣል። አርብ ጠዋት ሀያቱ በአመድና በሎሚ ትፈትገዋለች፤ እየፈተገች ትነጫነጫለች።

«ሰውዬ፣ ለጀነት ነው ወይስ ለሁለተኛ ሚስት የምትቆነጀው?»

«አንደኛዋ መቼ ጨርሳ አየችኝና!» ይላታል።

ከዚያ ታመመ። ሰውነቱ አለቀ፤ ከአልጋ ወደ ባኞ ቤት የምትወስደው ሀያቱ ሆነች። በመጨረሻው ሐሙስ «ልቀባ» አለ። «ምን ያደርግልሃል፣ ተኛ» ብትለው በጄ አላለም። በግራ እጁ ከሂናው ዘገነ፤ ቀኙን ሊያነሳው ቢሞክር እንቢ አለው። ያኔ እሷ ቀባችው፤ ጉንጩ ጎድጉዶ ጢሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱ በዚያ ቀለም በነካው እጁ ጠርዙን ጨምድዶ፣ ክብደቱን ሁሉ ሲንኩ ላይ ጥሎ ቆመ። ደግፋው ስትወጣ ጠርዙን መጥረግ ረሳች። በማግስቱ ስታየው አራት ጣትና መዳፍ ቁጭ ብሏል። ሎሚ ቆርጣ መጥታ ነበር፤ ሎሚውን ይዛ ተመለሰች።

አሁን የሸረፋ ልብስ ለምስኪን ሊሰጥ ታስሮ ተቀምጧል። ደግ ነው፣ ይሰጥ። እሷ ግን ባል እንደሞተባት ሴት ዒዳ ልትቀመጥ ነው፤ ከዚህ ቤት ሳትወጣ ወራት ትቆጥራለች። በእነዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ እጇን የምታኖርበት እጅ ትፈልጋለች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ይህን ደግሞ ለማን ትናገረዋለች? ሙሉ ሳሎን ሴት «ሶብር አድርጊ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» በሚልበት ቤት «ዝገት አትንኩብኝ» ብትል አበደች አይደል የሚሏት?

ከሁሉም የምትፈራው የሸረፋን ታላቅ እህት ነው። እትዬ ሃጂራ ከወራቤ ከመጡ ጀምሮ አልተቀመጡም። ድስት ይፈትጋሉ፣ መስኮት ይወለውላሉ፣ የተጠረገውን መልሰው ይጠርጋሉ። እንባ ግን ጠብ አላለላቸውም። ጎረቤቷ ከበደች ይህን ስታይ ውላ ሻይ ስታቀብል ወደ ሀያቱ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ቅር አይበልሽና የባልሽ እህት አላለቀሰችም እኮ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል።»

«የሰው አንጀት ማን ያያል፣ ከበደች?» አለች ሀያቱ። ደክሟት እንጂ ሌላም ትመልስላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠፍቶ የከረመው ውሃ መጣ። ቧንቧው አስነጥሶ፣ ደፍርሶ፣ ጠራ። ግቢው በባልዲና በጀሪካን ተንጫጫ። ለቅሶ ቤት ውሃ ሲመጣ ሰርግ ነው።

«ያንን ሲንክ እንኳ ብንቀይረው» ሲል ሰማችው ፈሀድን ከኮሪደሩ። «ሰው ገብቶ በወጣ ቁጥር አፍራለሁ፣ አክስቴ። ቤቴል ጋ አዲስ አይቻለሁ።»

«የምን መቀየር? የአባትህን ዕቃ!» አሉ እትዬ ሃጂራ። «ዝገት ነው ያበላሸው። ያን አሲድ ከጓዳ አምጣልኝና እኔ አለሁለት።»

ሀያቱ ከፍራሹ ላይ ተንጠራርታ ተጣራች። «እትዬ! ይተዉት እባክዎ፣ አይለቅም። እኔ ስንት ዘመን ታግዬዋለሁ።»

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሀያቱዬ! ዛሬም ልትሠሪ ነው?»

ልትነሳ በአንድ እጇ መሬት ተደገፈች። በዚያችው ቅጽበት አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሴቱ ሁሉ እጁን ዘረጋ። ለባልሽ ዱዓ እየተደረገ ተነስተሽ ሂጂ ማን ይላል? ሀያቱም እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ደግሞ የዋዛ አይደሉም። ለሸረፋ ቀብሩን እንዲያሰፋለት፣ ለልጁ፣ ለወላጆቹ፣ ቀድመው ለሄዱት፣ ለጎረቤት፣ ለአገር፣ ለታመመ፣ ለተሰደደ ለመኑ። በየመሃሉ «አሚን» ይባላል። በየ«አሚኑ» መሃል ደግሞ ከባኞ ቤቱ የሽቦ ድምፅ ይመጣል፤ ፍትግ፣ ፍትግ። የአሲዱ ሽታ ኮሪደሩን አልፎ አፍንጫዋ ደረሰ። ያ ረቢ፣ ይለፈው፣ አለች በልቧ፤ ለሸረፋ ከሚለመነው ሁሉ የበለጠ ይህን ለመነች። አፈረችም። ደግሞ ለመነች።

አሮጊቷ ዱዓውን ጨርሰው ፊታቸውን ሲያብሱ ሀያቱ ተነስታ ነበር።

ባኞ ቤቱ ዓይን ያቃጥላል። ፎጣው ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፏል። የቧንቧው ሥር መስመር ጠፍቷል፤ የመውረጃው ዝገት ሳስቷል፤ የተፈነከተው ጠርዝ እንኳ ታጥቦ ንጹሕ ቁስል መስሏል። ግራ ጠርዙ ሙልጭ ብሏል። ምንም የለም። ሀያቱ እጇን ሰዳ ዳሰሰችው፤ ሸካራና ቀዝቃዛ ነው።

«ያየሽው እንደሆነ» አሉ እትዬ ሃጂራ እያለከለኩ፣ «ሌላው ወዲያው ለቀቀ። እዚህ ጠርዙ ላይ ያለው ዝገትማ የሰው ጣት መስሎ ሙጭጭ አለብኝ። ሁለቴ ነው ያፈሰስኩበት።»

ሀያቱ ልትጮህ ነበር። ባልዲውን በእግሯ ልትመታው፣ «እጁን እኮ ነው ያጠፉብኝ፣ እጁን!» ልትል አፏን ከፈተች።

«ወንድሜን ሰው እንዳያማብኝ ብዬ ነው» አሉ እትዬ ሃጂራ ቀድመው። ሽቦውን አልለቀቁትም። «እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ በገንዳ እያጠብኩ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሳሙና ዓይኔ ገባ እያለ ሲጮህብኝ... ከትናንት ወዲያ ወንዶቹ ገብተው ሬሳውን አጠቡት፤ በሩን ዘጉብኝ። ወግ ነው፣ ምን ይደረጋል። ቆሜ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ ምን የሚታጠብ ቀረልኝ፣ ሀያቱ?»

ሀያቱ አፏን ዘጋች። ሆድ ይፍጀው። ከአሁን ወዲያ ቢነገርም ለማንም አይጠቅም፤ እኚህን ሴት ግን ይገድላል።

ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያየችው። ጓንት አላደረጉም። መዳፋቸው ቀልቷል፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ነጭ ሆኖ ተልጧል።

«አላህ! እትዬ፣ እጅዎ ተቃጠለ እኮ!»

«ኧረ ምንም አይል።»

ሽቦውን ከእጃቸው ፈልቅቃ ጣለችው። ቧንቧውን ከፈተችና ሁለቱን እጆቻቸውን ይዛ ውሃው ሥር አገባቻቸው። ሰፋፊ እጆች ናቸው፤ አውራ ጣታቸው አጭር፣ ጥፍሩ ጠፍጣፋ። የሸረፋም እንዲህ ነበር፤ እስከ ዛሬ ልብ ብላ አይታቸው አታውቅም።

«ያቃጥላል?» አለች።

እትዬ ሃጂራ «አዎ» ሊሉ ሲሉ እንባቸው መጣ፣ ድምፅ አውጥተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሀያቱ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማጠቧን ቀጠለች።