ከፖም ዛፉ ሥር የቀረው ክብ

«ድንጋዮቹን እኔ አነሳቸዋለሁ፤ ሣሩን ሚስተር ፓስኮ ያጭዱልናል» አለች የታምሲን አክስት ሄስተር፣ ጎረቤት ያመጣውን የሳፍሮን ኬክ እየቆረሰች። «ነገ ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ የሚመጣው እዚህ ነው። ያንን ነገር እንዲያይ አልፈልግም።»

ታምሲን ማንቆርቆሪያውን ጣደች። እናቷ ሎቭዴይ መሞቷ ተነግሯት ከምትኖርበት ከትሩሮ ከተማ ከመጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ሻይ ማፍላት፣ ስኒ ማጠብ፣ ለጠየቃት ሁሉ ደህና ነኝ ማለት። ውሸቷንም አልነበረም። የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ መች ያማል? እንባም ቢሆን ሞክራው እምቢ ብሏታል።

«ያ ነገር» የተባለው በጓሮው፣ ከፖም ዛፉ ሥር ያለው ክብ ነው። አራት ድንጋይ በአራቱ አቅጣጫ፣ መሀሉ ላይ ቀልጦ ያለቀ ሻማ። ሎቭዴይ ተፈጥሮንና ጨረቃን የሚያከብረው የዊካ እምነት ተከታይ ነበረች። ጨረቃ ስትሞላ ዙሪያዋን በቢላዋ ጫፍ አየር ላይ አስምራ፣ ክቧን ዘግታ በውስጡ የምትጸልይ፣ ማኅበር የሌላት፣ ብቸኛ። ጎረቤቷ ሚስተር ፓስኮ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አሻግረው ሲያዩ እዚያው ውስጥ በጎኗ ተኝታ አገኟት። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ። ፖሊሱ ጥቁር እጀታ ያለውን ቢላዋዋን ለማንኛውም ብሎ ይዞት ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደሩ ለሟቿ ስም ሲያወጣላት ሰነበተ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰይጣን አምላኪ ነበረች ተባለ። ጨዋዎቹ ሳሎን ተቀምጠው «አትክልት ትወድ ነበር» አሉ፣ አትክልት መውደድ የሚያሳፍር በሽታ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ታምሲንን ማዕድ ቤት ድረስ ተከትላት፣ የሎቭዴይ ቅባት የእጇን ሽፍታ እንዳጠፋላት ነገረቻትና ለመንደሩ ቄስ እንዳትነግርባት አደራ አለች። ታምሲን ለሁሉም አመሰገነች።

እሷ ራሷ በክቡ አታምንም። ልጅ ሳለች አንዴ ጣቷን ተቃጥላ እየጮኸች ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እናቷ ክቡ ውስጥ ነበረች። «ቁሚ እዚያው» አለቻት። ከዚያ በቢላዋው አየሩን ከሣሩ ጀምራ ወደ ላይ፣ በራሷ ትይዩ አሻግራ ወደ ታች ቀደደችውና በር ከፈተችላት። «በይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ።» ጣቷን እፍ እያለችላት፣ የዘጋ ሰው በሩን ሳይከፍት እንደማይወጣ አስተማረቻት። ታምሲን ለምን ከሌሎች ጋር ሆና እንደማታደርገው ጠየቀቻት።

«ሰው ሲሰማኝ ድምፄን አሳምራለሁ» አለች ሎቭዴይ። «ብቻዬን ስሆን ግን እውነቱን ነው የምናገረው።»

ያቺ ሴት እንግዲህ ዘግታ፣ ሳትከፍት ሄደች። አምቡላንስ ይዘው የመጡት ሰዎች ክቡን ረግጠውት ገቡ፣ ረግጠውት ወጡ፤ በር የከፈተ የለም። ታምሲን አስከሬኑን በሣጥኑ ውስጥ አይታዋለች፤ ቢሆንም እናቷ ከዛፉ ሥር ተቆልፎባት መውጫ ያጣች ይመስላታል። ቂልነት መሆኑን ታውቃለች። ለሄስተር ለመናገርም አፍራለች። ሄስተር ቤተ ክርስቲያን የምታዘወትር፣ እህቷን ስትወድ ክቧን ግን ስትጠላ የኖረች ሴት ናት። ሎቭዴይ ጓሮ ስትወጣ እሷ መጋረጃ ትዘጋ ነበር።

ሚስተር ፓስኮ የሣር ማጨጃቸውን እየገፉ በጓሮው በር ብቅ አሉ፤ ሞተሩንም አስነሱት። ታምሲን ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች ነበር። እጇ ቆመ። ዳቦውን አስቀምጣ፣ ቢላውን እንደያዘች ወጣችና በእጇ ጠብቁኝ የሚል ምልክት አሳየቻቸው። ሽማግሌው እጇን አዩ፣ ድንጋዮቹን አዩ፣ ሞተሩን አጠፉት።

ሄስተር የሻይ ስኒዋን ይዛ ተከተለቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው? ሰው ያየናል እኮ።»

«ይይ።» ታምሲን ፊቷን ወደ ክቡ አዞረች። «እማዬ ዘግታው ነው የሞተችው፣ አክስቴ። አልወጣችም። እኔ አላምንበትም፤ እሷ ግን ታምንበት ነበር።»

ሄስተር የያዘችውን ቢላ አየች።

«በቅቤ ቢላ?»

«የሷን ፖሊስ ወስዶታል።»

ታምሲን ጎንበስ ብላ እናቷ እንዳደረገችው አየሩን በቢላው ከሣሩ ጀምራ ቀደደችው፤ ወደ ላይ፣ በራሷ ትይዩ አሻግራ፣ ወደ ታች። የቢላው ጫፍ ላይ ቅቤ ነበረበት። ከዚያ ከከፈተችው ቦታ ፈቀቅ ብላ ጠበቀች።

ሄስተር የቆመችው ወደ ቤት በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ታምሲን ከከፈተችው በር ፊት ለፊት ነበር። ከዚያ ስኒዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ ወደ እርጥቡ ሣር ወረደች።