የኤፊ ጌዲስ ጠማማ ኳስ

ኤፊ ጌዲስ የመታቻት የጎልፍ ኳስ ሁሉ ወደ ቀኝ መጥመም የጀመረችበትን ቀን፣ ሰዓቱንና ጥፋተኛውን ጠንቅቃ ታውቃለች። ቀኑ የሴቶች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ጥፋተኛው አርኪ ሬኒ። የመጨረሻው፣ የአሥራ ስምንተኛው ቀዳዳ መነሻ ላይ ቆማ ዱላዋን ልታነሳ ስትል ሬኒ ከኋላዋ ጠጋ አለና፣ "ኤፊ፣ ሁሌ ልጠይቅሽ እያልኩ፤ ዱላውን ሽቅብ ስትወስጂ አየር ታስገቢያለሽ ወይስ ታስወጫለሽ?" አላት። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትተነፍስ አንድም ቀን አስባበት አታውቅም። ያን ቀን አሰበችበት። ኳሷ ደህና ተነስታ መሃል መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈችና ከሜዳው ጎን ያለው ባሕር ገባች። ዋንጫውን የወሰደችው የሬኒ እህት ናት።

ኪልሮዲ ትንሽ ከተማ ናት፤ የወደቀን ሰው ከማንሳት ይልቅ ስም ማውጣት ይቀናታል። ኤፊ ደግሞ ዓሣ ሻጭ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳሷ ባሕር በገባች ቁጥር ባሕሩ ዳር ባለው ግንብ ላይ የተደረደሩት ሥራ ፈቶች፣ "ኤፊ ለነገ ገበያ ዓሣ ልታመጣ ወረደች!" ይላሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሬኒ ሳቅ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሳቀባት። እሷም ይህ ሰው በዚያው ግንብ ፊት መሳቂያ ሲሆን ሳላይ አልሞትም ብላ ማለች።

ያስተካከላት ዋቲ ስፔንስ ነው። ዋቲ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባውን ዓመት ከክለቡ ቤት ጀርባ ባለች የእንጨት ክፍል ውስጥ የጎልፍ ዱላ ሲሠራና ሲጠግን ኖሯል። ሬኒ የክለቡ ካፒቴን፣ ማለትም የበላይ ኃላፊ፣ በሆነ በወሩ፣ "መኪና ማቆሚያ ጠበበን" ብሎ ክፍሏን አስፈረሳት። ስንብት የለ፣ ምስጋና የለ። ሽማግሌው መዶሻና ሞረዱን በእጅ ጋሪ ጭኖ ቤቱ ገባ።

ኤፊ በሩን ያንኳኳችው በረዶው ሊጀምር ሲል ነው። ዋቲ ጓሮው ውስጥ አሮጌ የዓሣ መረብ ሰቀለና፣ "በይ ምቺ" አላት። መታች።

"እያነቅሽው ነው" አለ እጇን አይቶ። "ማንን ነው የምታንቂው?"

"ያውቁት የለ?"

"አውቀዋለሁ። ዱላው ግን እሱ አይደለም፣ ልጄ። ላላ አድርጊው።"

የግራ አውራ ጣቷን ከዱላው አናት ላይ አንስቶ ወደ ቀኝ ጎኑ አሸጋሸገላት። ከኳሷ ማዶ ደግሞ ከራሷ ሱቅ የመጣ ባዶ የዓሣ ሣጥን አስቀመጠ። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ቆርጦ ከመጣ፣ ኳስ የሚያጣምመው ያ ነውና፣ ሣጥኑን ይሰብረዋል። በረዶው እስኪያልፍ ሰባት ሣጥን ሰበረች። ስምንተኛው ሳይነካ ወር አለፈው።

"ጨርሰናል" አላት ዋቲ። "ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አሥራ ስምንተኛው መነሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ግንቡ ላይ ተደርድሮ እያየ፣ ቀጥ አድርገሽ ምቺ። ማን አስተካከለሽ ሲሉሽ ስሜን ጥሪ። ሬኒ ይስማ። ሌላ በቀል አልፈልግም።"

"ቃሌ ነው" አለች ኤፊ።

የመስከረም ዋንጫ ጥንድ ለጥንድ ነው። ሁለት ሰው አንዲት ኳስ በየተራ ይመታል፤ አጣማሪህ የት እንደጣላት እግዜር ይወቅ፣ ሄደህ የምትመታው ግን አንተ ነህ። አጣማሪ የሚገኘው በዕጣ ነው። ዓርብ ማታ የክለቡ ጸሐፊ ባርኔጣ ውስጥ እጁን ከትቶ፣ "ኤፊ ጌዲስ... ከካፒቴን ሬኒ ጋር!" ሲል የክለቡ ቤት በሳቅ ተናወጠ።

"የዋና ልብሴን ልፈልግ እንግዲህ" አለ ሬኒ።

ቅዳሜ ኤፊ ቀጥ አድርጋ መታች። እሁድም እንዲሁ። ሬኒ መጀመሪያ ተደነቀ፣ ቀጥሎ ደስ አለው፣ በመጨረሻ ዓይኑ ላይ ዋንጫው መታየት ጀመረ። ለፍጻሜው የከተማውን ሐኪምና ወንድ ልጁን ገጠሙ፤ አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ ሲያልቅ እኩል ነበሩ። የሚከተላቸው ሕዝብ ማጨብጨብ ሲጀምር ሬኒ እጁን ኤፊ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

"አያችኋት? እኔ ነኝ ያስተካከልኳት! ሁለት ቀን አጠገቧ ሆኜ መከርኳት፣ አለቀ። ጠጋ ብሎ የሚያስተምራት ሰው አጥታ ነው እንጂ ሞኝ አይደለችም።"

የኤፊ ደም ፈላ። እዚያው "ዋቲ ነው!" ማለት ትችል ነበር፤ እሷ ግን ዱላዋን ይዛ ወደ መነሻው ሄደች። ዋቲ ራቅ ብሎ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ በትሩን ይዞ ተቀምጧል። አሥራ ስምንተኛውን የምትጀምረው እሷ ናት። ቀጥ አድርጋ ብትመታ ዋንጫው የእነሱ ነው፤ የሽማግሌውም ስም ይጠራል። ግን የሬኒ ስም ከስሟ ጎን የክለቡ ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል፤ ሬኒም እስኪሞት "እኔ ነኝ ያስተካከልኳት" እያለ ሲጎርር ይኖራል። ይህን አልችለውም አለች በልቧ። አውራ ጣቷን ወደ ድሮው ቦታ መለሰችና ዱላውን አንቃ ያዘች።

ኳሷ ተነሳች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ የባሕሩ ዳር አረም ውስጥ ገባች። ግንቡ ላይ ያለው ሰው "ኧረ ወይኔ!" አለ።

በኪልሮዲ የባሕሩ ዳር የሜዳው አካል ነው፤ ወይ ትመታለህ ወይ ተሸነፍኩ ትላለህ። ሬኒ ደግሞ "ሠላሳ ዓመት ስጫወት ተሸነፍኩ ብዬ አላውቅም" እያለ ከተማውን ያደነቆረ ሰው ነው። በነጭ ሱሪው ወረደ። ሰነዘረ፤ አረሙ ፊቱ ላይ ተበተነ፣ ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ተራው የኤፊ ሆነ። ኳሷን በቀስታ ነካ አድርጋ ሁለት ድንጋይ መሃል ከተተቻት።

"ይቅርታ ካፒቴን፣ አመለጠችኝ።"

"ሆን ብለሽ ነው!" አለ ሬኒ በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ያስተካከሉኝ እርስዎ አይደሉ?"

ማዕበሉ እየገባ ነበር። ሬኒ ሰነዘረ፣ ድንጋይ መታ፣ እጁን እያራገበ ዘለለ። እሷም ደግማ ነካ አደረገቻት፣ አሁን ወደ ውሃው።

"ካፒቴን፣ እኔንም አስተምረኝ!" አለ አንዱ ከግንቡ። "ሚስቴ መዋኘት ትፈልጋለች፣ እሷንም ምከርልኝ!" አለ ሌላው። ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ሬኒ ዱላውን ጣለና፣ "ተሸንፈናል!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ኤፊ የግንቡን ደረጃ እየሮጠች ወጣች። እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷት አያውቅም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አዩት ዋቲ? ጉልበቱ ድረስ እኮ ነው!"

ዋቲ አልሳቀም።

"አየሁ። ጣትሽን ስታሸጋሽጊም አየሁ። አንቺ በቀልሽን ተወጣሽ፣ ልጄ። የእኔስ?"

ኤፊ ደነገጠች። ዞር ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ "ስሙኝ! እኔን ያስተካከለኝ ሬኒ አይደለም! ዋቲ ነው! ዋቲ ስፔንስ ነው!" አለች።

ከዚያ ሬኒ፣ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ከታች እጁን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ።

"ሰማችሁ? የእሱ ሥራ ነው! ክፍሉን በከንቱ ያስፈረስኩ መስሏችሁ ነበር?"

ሳቁ ካለበት ተነስቶ ወደ ዋቲ ዞረ። "ዋቲ፣ ባትጠግናት ይሻላት ነበር!" አለ አንዱ። "አትፍረዱበት፣ ዓይኑ ደክሟል" አለች አንዲት ሴት። ኤፊ "አይደለም! ሆን ብዬ ነው! ሆን ብዬ ነው!" ብላ ጮኸች፤ ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳቃቸው። ዋቲ በትሩን ተመርኩዞ ተነሳ፤ ማንንም ሳያይ በግንቡ ጥግ ጥግ ወደ ቤቱ ሄደ።