ሸምሲያ ውስጥ ያለችው

ራቢዓ ጆሮዋን ታምናለች፤ ዓይኗን ግን አታምንም። መነጽር ካዘዙላት ዓመት አልፏል። መነጽሩም መካ፣ ጀርወል ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቋ፣ መሳቢያ ውስጥ ከነማኅደሩ ተኝቷል። «ጆሮ እያለኝ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። ጽሑፍ ሲመጣላት ጎረቤት ታስነብባለች፤ ድምፅ ሲመጣላት ደግሞ ስልኩን ከስፌት መኪናዋ ጎን አጋድማ የዓባያ ጠርዝ እየዘመዘመች ታዳምጣለች። መኪናው እየተንገጫገጨ እንዴት ይሰማሻል ቢሏት ትቆጣለች። በጆሮዋ የመጣባት ሰው አይበረክትም።

ያን ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ስልኳ ደጋግሞ ጮኸ። የላከችው ልጇ ሱመያ ናት፤ ጅዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦሎጂ የምታጠናው፣ ሳምንቱን እዚያው ጅዳ ጉለይል ሰፈር ከአክስቷ ከራህማ ጋር የምታድረው። መጀመሪያ የመጣው ጽሑፍ ነበር፤ ራቢዓ አለፈችው። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ እሱም ኔትወርኩ ሰንፎ፣ ክቡ እየተሽከረከረ አልከፈት አለ። የመጨረሻው ድምፅ ግን ሲነኩት ወዲያው ተናገረ።

እዚህ ላይ ስለ ራህማ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ራህማ የራቢዓ ታናሽ እህት ናት። ወሎ ሳሉ እናታቸው ስትሞት ራቢዓ ናት አዝላ ያሳደገቻት፣ በኋላም ወደዚህ አገር ያመጣቻት። የቀድሞው ከፊሏ፣ ያ ዋስ የሆናት አሠሪ፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ሳያሳድስላት ጊዜው አለፈ። አሁን የምትሠራበት የሰርግ አዳራሽ ባለቤት ወደ ራሱ ሊያዛውራት ጀምሯል፤ ግን እስኪያልቅ ድረስ መንገድ ላይ ወረቀት ብትጠየቅ የምታሳየው የላትም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሹመይሲ እስር ቤት፣ ከሹመይሲም ወደ አገር የሚመልስ አውሮፕላን። ራቢዓ ይህን ስም ከመፍራቷ የተነሳ ሰው በሩቅ ሲያወራ እንኳ ጆሮዋ ከወሬው መሃል ለቅሞ ያወጣዋል። ሌላውን ወሬ ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ።

የሱመያ ድምፅ እንዲህ አለ፤

«…በፊት ከትልልቆቹ ጋር ቆጥረዋት ነበር፣ እሺ? በኋላ ግን አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ከነሱ አይደለሽም ብለው አስወጧት። አሁን ሸምሲያ ውስጥ ነው ያለችው። ብቻዋን አይደለችም፣ ብዙ አሉ እዛ፣ ተበታትነው። ብርዱ ወላሂ ከባድ ነው፣ ከዜሮ በታች መቶ ምናምን። ፊቷ ሁሉ ተመትቷል፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ስታያት ኻላስ፣ ሞታለች ትያለሽ። ግን አልሞተችም! ከውስጧ ጨው ያለበት ውሃ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ፊቷ ላይ ይደርቃል፣ ነጭ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እና ከቦታዋ አልሄደችም። ሰዎች ነው የተቀየሩት። እሷ ያው እሷ ናት…»

ልጅቷ ያለችው «ሸምሲያ» ነው። ዐረቦች ፀሐይንና በዙሪያዋ የሚዞሩትን ሁሉ አንድ ላይ የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ሱመያ መካ ተወልዳ ያደገች ናትና የአማርኛ ስሙን ከየት ታመጣዋለች? የራቢዓ ጆሮ ግን «ሹመይሲ» ብሎ ተቀበለው። አንዴ ከተቀበለው በኋላ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። አስወጧት። ብዙ አሉ እዛ። ፊቷ ሁሉ ተመትቷል። ጨው ያለበት ውሃስ? እንባ ነዋ! አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖባታል። መቶ ምናምን የተባለውን ብርድ የልጅ ማጋነን አደረገችው፤ የእስር ቤት ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጥ ወጥተው ካወሩላት ሰምታለች።

«ያ ረቢ! እህቴን!» ብላ ከወንበሯ ስትነሳ ዓባያው አብሯት ተነሳ፤ ክሩ ከመርፌው አልተበጠሰም ነበር።

ራህማ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ሱመያ ጋ ደወለች፤ ያም ተዘግቷል። ጥርጣሬ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ረጋ ብሎ ያስባል። ራቢዓ ግን ጥርጣሬ አልነበራትምና ባሏን አብዱረሺድን ጠራች። አብዱረሺድ የሆቴል ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሑጃጆችን ሲያመላልስ ኖሮ ከመሪ በስተቀር ምንም ነገር ጨብጦ የማያውቅ፣ ነገሩ ሁሉ ቀስታ የሆነ ሰው።

«እስቲ ድምፁን አሰሚኝ» አላት እንደደረሰ።

«ሁለተኛ አልሰማውም! አንዴ የሰማሁት አንጀቴን በልቶታል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ የሱመያ እናት።»

«ተረትህን ለሑጃጆችህ ንገር። ያላ፣ አስነሳው!»

ከመሄዳቸው በፊት ቤት ገብታ፣ ሁለት ነብር የተሣለበትን ወፍራም ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን ጎትታ አወጣች። ውጭው አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። ጎረቤቶቿ ብርድ ልብስ ታቅፋ ስትሮጥ አይተው ለምን ብለው ሊጠይቋት አፋቸውን ከፍተው ሳይጠይቁ ቀሩ። አብዱረሺድም አልጠየቀም። ሚስቱን ያውቃታል።

መንገዱን ሙሉ ራቢዓ ራሷን ስትወቅስ ሄደች። ባላመጣኋት ኖሮ፣ ባልገፋፋኋት ኖሮ። አብዱረሺድ «ኢንሻአላህ ኸይር ነው» ይላታል፤ እሱም ፈርቷል፤ ራህማ ለእሱም ልጁ ማለት ናት።

ሹመይሲ በር ላይ በጥላ ስር የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ልብስ የያዙ፣ ምግብ የያዙ፣ ባዶ እጃቸውን የመጡም። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ዘበኛ ትሑት ነበር። ራቢዓ ከነብሮች ብርድ ልብሷ ጋር ፊቱ ቆመች። እህቴ እዚህ ገብታለች፣ ብርድ ልብስ ላቀብላት ነው አለችው በዐረብኛ።

«እሺ እናቴ። ስሟ ማን ነው?» አላትና እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አደረገ።

የሚያስፈራው ይህ ነበር። ራህማ በዚያች ሰዓት ጅዳ በሰላም ሰሐን እያጠበች ነው፤ የያዛትም የጠየቃትም የለም። አሁን ስሟ ከእህቷ አፍ ቢወጣ ግን፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ጊዜው ያለፈው ኢቃማ ይወጣል፣ የምትሠራበት ይፈለጋል። ራቢዓ ይህን አላሰበችም። የእህቷን ፎቶ ጭምር ላሳየው ብላ ስልኳን አነሳች፤ ዓይኗ ደካማ ነውና በአውራ ጣቷ ሌላ ነገር ነካች። ያ በጀርወል አልከፈት ያለው ድምፅ፣ እዚህ ኔትወርክ በዝቶለት፣ ዘበኛው ፊት ጮክ ብሎ ተከፈተ።

«እማ፣ አሰላሙ ዐለይኩም! አማርኛዬን አርሚልኝ፣ እሺ? ጁሙዓ ዕለት ጉለይል ላሉት ልጆች ስለ ትንሿ ከውከብ ላወራላቸው ነው። ስሟ ሲሪስ ነው። ከመሪኽ ማዶ ናት…»

«ሲሪስ?» አለ ዘበኛው፤ ከአማርኛው መሃል ከውከብና መሪኽ፣ ፕላኔትና ማርስ፣ የሚሉትን የዐረብኛ ቃላት ለቅሞ ግራ ገብቶት። «ዜግነቷስ?»

ራቢዓ ስሙን ልታርምለት አፏን ከፈተች። አብዱረሺድ ግን፣ ያ ቀስተኛ ሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደማት። እጇን ያዘና «ከመሪኽ ማዶ ናት ወንድሜ» አለው። «ልጃችን ስለ ኮከቦች ታጠናለች፤ እናቷ እውነት መስሏት ነው።»

ወጣቱ ስልኩን አየ፤ ብርድ ልብሱን አየ፤ ሁለቱን ነብሮች አየ። «እኛ ጋ የለችም» አለ ፊቱን ለማኮስተር እየታገለ። «የመሪኽ ማዶዎቹን የሚቀበል ሌላ ቢሮ ነው።» ከዚያ አልቻለም፣ በሳቅ ፈረሰ።

ራቢዓ ከመስኮቱ ራቅ ብላ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱ ተቀላቀሉባት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ደጋግማ። «አብዱረሺድ፣ በገዛ አፌ ልሰጣት ነበር እኮ!»

«አልሰጠሻትም። ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«ወደ ጅዳ ነው የምንሄደው። ጆሮዬን ከዛሬ ጀምሮ አላምነውም፤ በዓይኔ ልያት።»

የሰርግ አዳራሹ በር ላይ ያገኙት በላይነሽን ነው፤ ከራህማ ጋር የምትሠራ፣ ጉለይል ክፍል የምትጋራት የጎጃም ሴት። በላይነሽ ፊት ለፊቷ ስልክ የሞላበት ቅርጫት ነበር። ሴቶች ያለ መሸፋፈን የሚታደሙበት ሰርግ ነውና ካሜራ ያለው ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሠራተኛም ቢሆን ዘግቶ በር ላይ ያስቀምጣል። የራህማም ስልክ ከቅርጫቱ ውስጥ ከላይ ተኝቶ ነበር።

«እትዬ ራቢዓ! ምነው፣ በደህና?» አለች በላይነሽ ብርድ ልብሱን እያየች።

«ጥሪልኝ፣ የኔ እናት። በደህና ነው። ብቻ ጥሪልኝ።»

ራህማ እጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘ በወጥ ቤቱ በኩል ወጣች። ፊቷ አልተመታም። ጉድጓድም የለበትም። ላብ ብቻ ነው የነበረበት። ራቢዓ ብርድ ልብሱን ከነነብሮቹ ትከሻዋ ላይ ጣለችባትና አቀፈቻት።

«እታለም! በዚህ ሙቀት? ምን ሆነሻል?» አለች ራህማ ከውስጡ ታፍና።

ነገሩ ሲነገራት መጀመሪያ ሳቀች። ስለ መስኮቱና ስለ ስሙ ሲነገራት ግን ሳቋ ተቋረጠ። «ሳልያዝ አስይዘሽኝ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። ራቢዓ አንገቷን ደፋች፤ አዎ፣ አስይዤሽ ነበር፣ አፉ በይኝ አለች። ራህማም አፉ አለቻት፤ ብርድ ልብሱን ግን ከትከሻዋ አላወረደችም።

ሱመያ ፈተና ላይ ስለነበረች ስልኳን ዘግታ ኖሯል፤ ከፍታ የእናቷን ጥሪዎች ስታይ በታክሲ ከነፈች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ በተገለበጡ የለስላሳ ሣጥኖች ላይ ሁሉም ተቀመጡ፤ እንግዶቹ እስኪመጡ ጊዜ ነበራቸው።

«እና ይቺ ሲሪስሽ ምን ብትሆን ነው ሰው የምታስለቅሰው?» አለች ራቢዓ።

ሱመያ በስልኳ ፎቶ አሳየቻቸው። አመድ የመሰለች ክብ ነገር፣ ፊቷ የፈንጣጣ ጠባሳ የሞላው፤ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ግን ነጭ ነገር ያበራል። «ድንጋይና በረዶ ናት፤ በፊት ከትልልቆቹ ከውከቦች አንዷ ናት ይሉ ነበር» አለች። «ነጩ ጨው ነው። ከሥር ጨው ያለበት ውሃ ወጣ፣ ውሃው በነነ፣ ጨዉ ቀረ። እና ይኸው፣ አንድ ተራራ ብቻውን ቆሟል፣ አጠገቡ ሌላ የለም። ቡርካን ነው ይላሉ፣ ጭቃና ውሃ ከውስጥ ገፍቶ ወጥቶ በረዶ ሆኖ የቆመ። ይመስላል ነው የሚሉት፤ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። እማ፣ ቡርካን በአማርኛ ምንድን ነው?»

«እሳተ ገሞራ» አለች ራቢዓ በኩራት። ከዚያ ራሷ ቆም አለች። «በረዶ ነው አላልሽም?»

«በረዶ ነው።»

«እሳት የለውም?»

«ምንም።»

«ታዲያ እሳት የሌለው እሳተ ገሞራ ምን ሊባል ነው?»

«ገሞራና ጨው ከተገናኙማ» አለች በላይነሽ ከበሩ ሆና፣ «የሎጥ ሚስት እዚያ ነው ያለችው ማለት ነው።» ሳቁ ከወጥ ቤቱ ሰው ጠራ። በመጨረሻ «በረዶ ገሞራ» በሚለው ተስማሙ፤ አብዱረሺድ ነው ያወጣው፣ ከሳቀበት ሰው ጋርም አልተጣላም።

«ያን ያህል ብርድ ካለ ውስጧ ያለው ውሃ እንዴት ሳይረጋ ቀረ?» ብላ ጠየቀች ራህማ።

«ጨዉ ነው፣ ኻልቱ። ጨው ያለበት ውሃ ቶሎ አይረጋም። ኡለማዎቹ ከሥሯ አሁንም ያልረጋ ሳይኖር አይቀርም ይላሉ።»

ራህማ ራሷን ነቀነቀችና ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበችው።

ከዚያ ራቢዓ ተግባሯን ያዘች፤ የተላከላት አማርኛ እንድታርም ነውና ድምፁን ከፍታ ታርም ጀመር። «‹ጨው ያለበት ውሃ› ከምትዪ ‹ጨዋማ ውሃ› በዪ። ‹ሸምሲያ›ን ደግሞ ወላሂ ከአፍሽ እንዳልሰማ! ‹ሥርዓተ ፀሐይ› ነው የሚባለው።» ሱመያ ደግማ ደግማ አለችው። ድምፁም እስከ መጨረሻው ሄደ፤

«…እና ከቦታዋ አልሄደችም። ሰዎች ነው የተቀየሩት። እሷ ያው እሷ ናት…»

«‹ሰዎች ነው› አይባልም» አለች ራቢዓ ጣቷን አንስታ። «‹ሰዎች ናቸው›…»

ራህማ የእህቷን ጣት በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ፊቷ ግን እየሳቀ ነበር።

«እታለም» አለቻት፣ «ይቺን አታርሚባት። እንዳለች ትሁን።»

ራቢዓም አላረመቻትም።